ውሃ ለሚገባ መኪና የትኛው ግራሶ፣ የትኛው ዘይት? ከጣና ዳር የተጻፈ ንጽጽር

የእህቴ ልጅ ጀርመን አገር ነው የሚኖረው። በቅርቡ በቴሌግራም አንድ ፎቶ ላከልኝ። የጎማ ኩሽኔታ ነው፤ ተፈትቶ ጋዜጣ ላይ ተቀምጧል። ላዩ ላይ ያለው ግራሶ ነጣ ብሎ ቡኒ ሆኗል፤ ልክ ማኪያቶ ይመስላል። ከሥሩ «ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው? ግራሶ ከቀየርኩ ገና ሁለት ወሬ ነው» ብሏል።

ሁለቴ ማየት አላስፈለገኝም። ባሕር ዳር ውስጥ ጀልባ በተጎታች የሚያወርድ ሰው ሁሉ ይህን መልክ ያውቀዋል። ውሃ ገብቶበታል።

ልጁ የገዛው መኪና አምፊካር ይባላል። መንገድ ላይ መኪና፣ ሐይቅ ላይ ጀልባ ነው። በምዕራብ ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1961 መመረት የጀመረ ሲሆን ንድፉ የሃንስ ትሪፕል ነው። በጠቅላላው 4,000 እንኳ አልተሠራም። ከኋላ የተቀመጠው ሞተር የእንግሊዙ ትራያምፍ ሄራልድ ነው፤ 1,147 ሲሲ፣ 38 የፈረስ ጉልበት። ከኋላው ሥር ሁለት ፕሮፔለር አለው። ውሃ ላይ የሚታጠፈው በፊት ጎማዎቹ ነው። «770» የሚለው የሞዴል ስሙ የመጣው ውሃ ላይ 7 ኖት፣ መንገድ ላይ በሰዓት 70 ማይል ይሄዳል ከሚለው ነው። በእኛ ልክ ወደ 13 እና 112 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ሁለት አምፊካሮች እንግሊዝን ከፈረንሳይ የሚለየውን ባሕር ተሻግረውበታል።

ታዲያ የዚህ መኪና መመሪያ አንድ ነገር ያዛል። ከውሃ በወጣ ቁጥር 13 ቦታ ላይ ግራሶ ይሞላ ይላል። አንዱን ቦታ ለማግኘት የኋላውን ወንበር ማንሳት ግድ ነው። ልጁ ይህን ሲያነብ «ይሄ ሁሉ ለምን?» ብሎ ነበር። ፎቶው መልሱ ነው።

ለእሱ የጻፍኩት መልስ እየረዘመ ሲሄድ ለእናንተም ይጠቅማል ብዬ አሰብኩ። አምፊካር እዚህ የለንም። ግን ጀልባ ይዞ ጎማው እስኪሰጥም ወደ ጣና የሚወርድ ተጎታች አለን። የኋላ እግሩን ውሃ ውስጥ የሚነክር አሮጌ ላንድሮቨር አለን። የችግሩ ምንጭ አንድ ነው።

መጀመሪያ ውሃው እንዴት እንደሚገባ ልናገር፤ ያለዚያ የግራሶው ምርጫ ትርጉም የለውም። መኪና ሲነዳ የጎማው እምብርት ይሞቃል። ውስጡ ያለው አየርም አብሮ ይሞቃል። በዚያው ሙቀቱ ሐይቅ ውስጥ ሲገባ አየሩ በድንገት ቀዝቅዞ ይኮማተራል። የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ሙቅ ውሃ ጨምራችሁ ድፉትና ወዲያው ክዳኑን ግጠሙት። ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ክተቱት። ጭምድድ ይላል። የጎማ እምብርት ግን ብረት ስለሆነ አይጨመደድም። በኦይልሲሉ፣ ማለትም ግራሶው እንዳይወጣ ውሃው እንዳይገባ በሚዘጋው ቀለበት በኩል ውሃ ይስባል። ስለዚህ ከሁሉም ግራሶ በፊት የሚመጣው ምክር ነጻ ነው፤ ሐይቁ ዳር ስትደርሱ ግማሽ ሰዓት ቆዩ። እምብርቱን በእጃችሁ ዳስሱት። ሙቀት ከሌለው ግቡ።

አሁን ወደ ግራሶ። ብዙ ሰው ግራሶ ማለት የወፈረ ዘይት ይመስለዋል። ግራሶ ዘይትን እንደ ስፖንጅ የያዘ ሳሙና ነው። አዎ፣ አብዛኛው የግራሶ ዓይነት ዘይቱን የሚይዘው በሳሙና ነው። ማለስለሱን የሚሠራው ዘይቱ ነው። ውሃ ሲመጣ ይቆማል ወይስ ታጥቦ ይሄዳል የሚለውን የሚወስነው ግን ሳሙናው ነው። ስለዚህ ውሃ ለሚገባ መኪና ስትገዙ መጀመሪያ የምትጠይቁት የፋብሪካውን ስም አይደለም። «ሳሙናው ምንድን ነው?» ነው የሚባለው።

ሶዲየም ከሆነ ተዉት። ሶዲየም የልብስ ሳሙና ዘመድ ነው። ውሃ ሲያገኝ ወተት መስሎ ይታጠባል። ዛሬ በብዛት አይገኝም፤ ግን ስሙ ያልታወቀ፣ በላስቲክ ተመዝኖ የሚሸጥ ግራሶ ውስጥ ምን እንዳለ ማን ያውቃል? እኔ አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ገዝቼ ተጎታቼን ሞላሁ። በሦስተኛው ጉዞ ከዘጌ መልስ አንዱ ጎማ መጮህ ጀመረ። ስፈታው ኩሽኔታው ላይ ግራሶ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ዝገትና ጭቃ ብቻ። ከዚያ ወዲህ ጽሑፍ የሌለው ዕቃ አልገዛም።

ተራ ካልሲየም የድሮው የጀልባ ግራሶ ነው። ውሃን በደንብ ይገፋል። ዋጋውም አይጎዳም። ድክመቱ ሙቀት ነው፤ 100 ዲግሪ ሳይሞላ ቀልጦ መንጠባጠብ ይጀምራል። ስለዚህ ቀስ ብሎ ለሚዞር ነገር፣ ለመሪ መገጣጠሚያ፣ ለማጠፊያ፣ ለፕሮፔለር ዘንግ ጥሩ ነው። ፍሬን አጠገቡ ላለ የጎማ ኩሽኔታ ግን አልመርጠውም። ከጎንደር በኩል ቁልቁለት በፍሬን ለወረደ መኪና እምብርቱ ምን ያህል እንደሚግል የነካው ያውቀዋል።

ሊቲየም ሱቁ ሁሉ ያለው ነው። ሙቀት ይችላል፤ መቅለጫው ወደ 180 ዲግሪ ግድም ነው። ውሃንም በመጠኑ ይቋቋማል። ዝናብና ጎርፍ ለሚነካው መኪና በቂ ነው። ሊቲየም ኮምፕሌክስ የሚባለው ደግሞ ሙቀቱን ከ250 በላይ ያደርሰዋል። ሁለቱም ግን ከሥር ተነክሮ ለሚቆይ ኩሽኔታ የመጀመሪያ ምርጫዬ አይደሉም። የልጁ ማኪያቶም ተራ ሊቲየም ነበር።

ካልሲየም ሰልፎኔት ኮምፕሌክስ የሚባለው ነው የእኔ ምርጫ። ውሃ ውስጥ አይታጠብም። ትንሽ ውሃ ቢቀላቀልበትም ወዲያው አይቀጥንም። ዝገት የመከላከል አቅሙ ከሳሙናው ራሱ የሚመጣ ነው። ሙቀቱንም እስከ 300 ዲግሪ አካባቢ ሳይቀልጥ ይችላል። ውድ ነው፣ አልዋሽም። ባሕር ዳር ሁሉም ሱቅ ላይ አይገኝም፤ አዲስ አበባ ማስመጣት ሊጠይቅ ይችላል። ግን ለአንድ ተጎታች ወይም ለአንድ አምፊካር ዓመቱን የሚፈጀው ጥቂት ካርትሪጅ ነው። የአንድ ኩሽኔታና የአንድ ቀን ጉዞ ኪሳራ ከዚያ ይበልጣል።

ይህን በወሬ ብቻ አልተቀበልኩትም። ሦስት የአናጢ ምስማር በአሸዋ ወረቀት ፈትጌ አጸዳሁ። አንዱን ተራ ሊቲየም ቀባሁት፣ አንዱን ካልሲየም ሰልፎኔት፣ አንዱን ደግሞ የኑግ ዘይት። በክር አስሬ ጀልባ ማሰሪያው ሥር ለሁለት ሳምንት ሐይቁ ውስጥ አንጠለጠልኳቸው። ሊቲየሙ ጫፉና አንገቱ ላይ ነጠብጣብ ዝገት አወጣ። ሰልፎኔቱ በጨርቅ ስጠርገው ብረቱ አብለጨለጨ። ኑጉ ደግሞ ግማሹ ዝጎ፣ ግማሹ ቢጫ ሙጫ ሆኖ ጣቴ ላይ ተጣበቀ።

የኑጉን ነገር ያለምክንያት አልጨመርኩትም። ማጠፊያና የበር ቁልፍ በኑግ ዘይት የሚያለሰልስ ሰው አሁንም አለ። ኑግ አየር ሲያገኝ የሚወፍርና የሚደርቅ ዘይት ነው። ዛሬ ያለሰልሳል፣ ከወር በኋላ ያጣብቃል። ለወጥ እንተወው። ሞራ ግን ክብር ይገባዋል። ድሮ የመርከብ ሰዎች የፕሮፔለር ዘንግ የሚያልፍበትን ቀዳዳ በሞራ በተነከረ የተልባ ቃጫ ይደፍኑት ነበር። ዛሬ የተሻለ ስላለ ብቻ ነው የማንጠቀመው።

ሌላው ሱቅ ውስጥ የምሰማው ነገር «ቀዩን ስጠኝ»፣ «ሰማያዊው ይሻላል» የሚል ነው። ቀለም የግራሶ ዘር አይደለም። ፋብሪካው የጨመረው ማቅለሚያ ነው። የአንዱ ፋብሪካ ሰማያዊ ሊቲየም፣ የሌላው ሰማያዊ ደግሞ ፖሊዩሪያ የሚባለው ሳሙና የሌለው ዓይነት ሊሆን ይችላል። ቆርቆሮውን አዙሩና ጀርባውን አንብቡ። «ኤንኤልጂአይ 2» የሚለው ደግሞ ውፍረቱን ነው የሚነግራችሁ። ለኩሽኔታ 2 ቁጥር ይበቃል። ባሕር ዳር ቅዝቃዜ ግራሶ የሚያደርቅበት ቦታ ስላልሆነ ከዚያ ቀጭን ፍለጋ አትድከሙ።

መቀላቀል ላይ ግን ጠንከር ልበል። ሁለት ዓይነት ግራሶ ሲገናኝ አንዳንዴ ሁለቱም ይቀልጣሉ፤ እንደ ሾርባ ቀጥነው በኦይልሲሉ ይፈሳሉ። አንዳንዴ ደግሞ ድርቅ ይላሉ። ፖሊዩሪያ ከሊቲየም ጋር ብዙ ጊዜ አይስማማም። ቤንቶናይት የሚባለው የሸክላ ግራሶ ከማንም ጋር አይስማማም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ዓይነት ስትቀይሩ ኩሽኔታውን ፈትታችሁ በናፍጣ አጥባችሁ፣ በጨርቅ አድርቃችሁ ከዜሮ ጀምሩ። በላዩ ላይ ፓምፕ ማድረግ አይሆንም። ለአንድ መኪና አንድ ግራሶ ብቻ ይኑራችሁ የምለውም ለዚህ ነው። ለአንዱ ቦታ ርካሹን፣ ለሌላው ውዱን ማለት ወረቀት ላይ ያምራል። ጋራዥ ውስጥ ግን ፓምፑን የሚያነሳው ረዳት ሌላ ሰው ነው፣ ቀኑም መሽቷል።

ምን ያህል ይሞላ? ይህም እንደ ቦታው ነው። የመሪ መገጣጠሚያና የፕሮፔለር ዘንግ ላይ አዲሱ ግራሶ በጎን ብቅ እስኪል ግፉት፤ አሮጌውንና ውሃውን ገፍቶ ያወጣዋል። የጎማ እምብርት ላይ ግን እንዲህ አይሠራም። ከልክ ያለፈ ግራሶ ኦይልሲሉን ጥሶ ፍሬን ሸራ ላይ ይቀመጣል። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስትይዙ ነው የምታውቁት።

ልጁ «የባሕር ግራሶ የሚባለው ለጣና ያስፈልጋል?» ብሎ ጠይቆኛል። ጣና ጨው የለውም። ከጨው የሚመጣው ፈጣን ዝገት እኛ ዘንድ የለም፤ ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ለእኛ ጠላቱ ጭቃ ነው። ክረምት ላይ ጉማራና ርብ ደለሉን ይዘው ሲገቡ ሐይቁ ቡናማ ይሆናል። ያ ደቃቅ አፈር ግራሶ ላይ ሲጣበቅ የአሸዋ ወረቀት ነው። ስለዚህ ከሐምሌ እስከ መስከረም ግራሶ የምሞላበትን ጊዜ በግማሽ አሳጥረዋለሁ። ከዚያ ደግሞ እምቦጭና የመረብ ክር አለ። የናይለን ክር ፕሮፔለሩ ጀርባ ተጠምጥሞ ኦይልሲሉን እንደ ቢላ ይቆርጠዋል። ኦይልሲል ከተቆረጠ በኋላ የትኛውም ግራሶ አያድንም። ፕሮፔለሩን በየወሩ አውልቁና ጀርባውን እዩ።

የካምቢዮ ዘይት ላይ ምርጫው ቆርቆሮው ላይ የሚጻፈው ደረጃ ጂኤል-4 ነው ወይስ ጂኤል-5 የሚለው ነው። «5 ከ4 ይበልጣል» ብሎ መግዛት የተለመደ ስህተት ነው። ጂኤል-5 ውስጥ ከፍተኛ ጫና የሚችለው የድኝና የፎስፎረስ ቅመም ወደ እጥፍ ይጠጋል። ይህ ለዲፈረንሻል ጥርስ ጥሩ ነው። የድሮ ካምቢዮ ውስጥ ያሉትን የነሐስ ቀለበቶች ግን ሊበላ ይችላል። አሮጌ መኪና ካላችሁና መመሪያው ሌላ ካላዘዘ ለካምቢዮ ጂኤል-4 ውሰዱ። ቁጥሩም አያስደንግጣችሁ። የካምቢዮ 90 ከሞተር 40 በእጥፍ የወፈረ ይመስላል፤ መለኪያው ስለሚለያይ ነው እንጂ ውፍረታቸው የሚቀራረብ ነው።

ለጀልባ ሞተር የታችኛው ጥርስ ግን የመኪናውን አትጠቀሙ። ለጀልባ ተብሎ የተሠራው የጥርስ ዘይት ጥቂት ውሃ ቢገባ እንኳ ጥርሱ ላይ ፊልሙን ይዞ እንዲቆይ ነው የተቀመመው። ስትሞሉ ከታችኛው ቀዳዳ ጀምራችሁ በላይኛው እስኪፈስ ነው፤ ከላይ ከሞላችሁ አየር ይታፈናል።

ውሃ መግባቱን ለማወቅ ሳይፈቱ ማየት ይቻላል። መኪናው አንድ ሌሊት ይቁም። ጠዋት ከመነሳቱ በፊት የካምቢዮውን ታፖ ሩብ ዙር ላላ አድርጉት፤ ከሥሩ የብርጭቆ ክዳን ያዙ። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ከሥር ተኝቷል። መጀመሪያ የሚወርዱት ጠብታዎች ጥርት ያለ ዘይት ከሆኑ ታፖውን መልሳችሁ ሂዱ። ውሃ ጠብ ካለ ወይም ወተት ከመሰለ ያን ቀን ሐይቅ አይገባም።

የሞተር ዘይት ላይ ውሃው ያን ያህል አይቀይረውም። ዕድሜው ነው የሚወስነው። የአምፊካሩ ዓይነት የድሮ ሞተር ቫልቭ የሚያስከፍተው ዘንግ (ካምሻፍቱ) ከላዩ ያለውን ታፔት በቀጥታ እየፈተገ ነው የሚገፋው። እዚያ ቦታ ላይ የሚያድነው ዚንክና ፎስፎረስ ያለበት ቅመም ነው። የዛሬዎቹ ስስ የቤንዚን ሞተር ዘይቶች ፎስፎረሳቸው ከ800 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 800 እጅ) እንዳይበልጥ ተገድቧል፤ የአዳዲስ መኪኖችን የጭስ ማጣሪያ ስለሚጎዳ ነው። ስለዚህ በጣም ውዱ፣ በጣም አዲሱ ዜሮ ምናምን ዘይት ለ1960ዎቹ ሞተር የተሻለ አይደለም። እዚህ ባሕር ዳር ቢሆን ያለማመንታት 20ደብሊው-50 ማዕድን ዘይት እሞላለሁ። ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ግድም ላይ ነን፤ የጥር ንጋትም ቢሆን ሞተር የሚያስቸግር ብርድ የለም። ካልተገኘ ለናፍጣ የሚሸጠው 15ደብሊው-40፣ ሲአይ-4 የሚል ምልክት ያለው፣ ጥሩ ተተኪ ነው፤ ዚንኩ ይበቃዋል። ብቸኛ 40 የሚባለውን አሁንም የሚወዱ አሉ። ሲሞቅ ምንም አይለውም። ጠዋት ግን እላይ እስኪደርስ ይዘገያል። ጀርመን ያለው የእህቴ ልጅም መኪናውን በበጋ ብቻ ስለሚያወጣ 20ደብሊው-50ን ይያዝ ብዬዋለሁ። ሊቤሎውን ሲያወጣ ዘይቱ ላይ ወይም ክዳኑ ሥር ነጭ አረፋ ካየ አጭር አጭር ጉዞ አብዝቷል ማለት ነው። ረጅም መንገድ አውጥቶ ያሙቀው። ካልጠፋ ግን ውሃ ከሌላ ቦታ እየገባ ስለሆነ ይፈልግ።

ባለሁለት ምት የጀልባ ሞተር ያላችሁ፣ ለእናንተ አጭር ቃል። የሚቀላቀለው ዘይት ቆርቆሮው ላይ ቲሲ-ደብሊው3 የሚል ይሁን። የሞተር ሳይክሉ ዘይት በአየር ለሚቀዘቅዝና በጣም ለሚግል ሞተር የተሠራ ነው፤ በውሃ በሚቀዘቅዝ ሞተር ላይ ሻማና ፒስተን ላይ አመድ ያስቀምጣል። ልኩንም ከሞተሩ መመሪያ ውሰዱ፤ በ50 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት የሚሉ ብዙ ናቸው፣ አሮጌዎቹ ግን በ25 የሚጠይቁም አሉ። በዓይን መገመት ይቅር።

የበር ጎማ ጉዳይ ልጁ መጨረሻ ላይ ያነሳው ነው፤ ለአምፊካር ግን የሞትና የሕይወት ነው። በሮቹ ከውሃው መስመር በታች ስለሚወርዱ መኪናው እንዳይሰጥም የሚያደርገው ጎማው ነው። እዚያ ላይ ከነዳጅ ዘይት የተሠራ ምንም ዓይነት ግራሶ አይነካም። የተፈጥሮ ጎማን አሳብጦ ያለሰልሰዋል፣ ከዚያ ይቀደዳል። ሲሊኮን ግራሶ ብቻ፣ ስስ አድርጎ በጣት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይሄኛው ከልቤ ነው። አምፊካር እንደ ጀልባ ሆዱ ውስጥ የገባውን ውሃ የሚተፋ ፓምፕ አለው። ከሞተሩ የተንጠባጠበ ዘይት የሚጠራቀመውም እዚያው ሆድ ውስጥ ነው። ፓምፑ ሲነሳ ውሃውንም ዘይቱንም ሐይቁ ላይ ይረጨዋል። የእኛ ጀልባዎችም እንዲሁ ናቸው። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ከዚያ በላይ ግን ዓሣ የምንበላበት፣ ዳሩ ያለው ሰው የሚጠጣው ውሃ ነው። ስለዚህ ሁለት ዘይት ስታነጻጽሩ አንዱ ጓርኒሲዮኑን እያለፈ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ርካሽነቱን አትቁጠሩለት። መጀመሪያ ጓርኒሲዮኑን ቀይሩ። እኔ ጀልባዬ ሆድ ውስጥ አሮጌ ብርድ ልብስ ቆራርጬ፣ በመረብ ከረጢት አድርጌ፣ ሞተሩ ሥር አስቀምጣለሁ። ዘይቱን ይመጥጠዋል። ፓምፑን ከማስነሳቴ በፊት አወጣዋለሁ፣ በጄሪካን ላይ እጨምቀዋለሁ። ጄሪካኑ ሲሞላ የተቃጠለ ዘይት ለሚሰበስበው ሰው እሰጣለሁ። ለእህቴ ልጅም ይህን ነገርኩት፤ በማግስቱ የከረጢቱን ልክ ጠይቆኝ ሁለት ክንድ በአንድ ክንድ ብዬ ላኩለት።